ዕዳው ካለቀ ማሽን ጋር የሚደረግ ፉክክር

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ ቺፕ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ረቂቅነት ነው። 7 ናኖሜትር፣ 5 ናኖሜትር፣ 3 ናኖሜትር እየተባለ ወደ ታች ይቆጠራል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ገንዘቡ ነው። አንድ ኩባንያ የለመደውን የአመራረት ቴክኖሎጂ ትቶ ወደ አዲሱ ሲሻገር ምን ያገኛል? ምን ያጣል? ሂሳቡንስ ማን ይዘጋል?

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልበል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ "3 ናኖሜትር" ስትሰሙ እንደ ሞዴል ስም ውሰዱት። ትራንዚስተር ማለት በቺፕ ላይ ያለ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ጌቱ ደግሞ የሚያበራውና የሚያጠፋው ክፍል። በዚያ ትውልድ ከአንዱ ትራንዚስተር ጌት እስከ ቀጣዩ ጌት ያለው ርቀት እንኳ 48 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስሙ የገበያ ነው።

አሁን ወደ 1965 እንመለስ። ጎርደን ሙር ያኔ ፌርቻይልድ በሚባል ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ኢንቴልን የመሠረቱት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። "የሙር ሕግ" ሲባል ብዙ ሰው የፊዚክስ ሕግ ይመስለዋል። እሳቸው የጻፉት ግን የወጪ ስሌት ነበር። በአንድ ቺፕ ላይ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ብታስቀምጡ ማሸጊያውና ፍተሻው ዋጋውን ይበላዋል። ከልክ በላይ ብታጭቁበት ደግሞ ብልሽቱ ይበዛና ትጥሉታላችሁ። መሃል ላይ ወጪው ከሁሉም ዝቅ የሚልበት ቁጥር አለ። በ1965 ያ ቁጥር 50 ገደማ ነበር። ሙር በ1975 ወደ 65,000 ይደርሳል ብለው ገመቱ።

ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ነገሩ አልጋ በአልጋ ሆነ። ቺፖች የሚታተሙት ዋፈር በሚባል ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው። አዲስ ትውልድ ሲመጣ የአንዱ ዋፈር ዋጋ ትንሽ ይጨምራል፤ በላዩ የሚያርፉት ትራንዚስተሮች ግን እጥፍ ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትራንዚስተር ይረክሳል። በዚያ ላይ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። ወደኋላ የቀረ ኩባንያ በዋጋም በጥራትም ይበለጣል። "እንሻገር ወይስ እንቅር?" ብሎ የሚጨነቅ ቦርድ አልነበረም። ጥያቄው "መቼ?" ብቻ ነበር።

ያ ዘመን ማለቅ የጀመረው ለሌሎች ኩባንያዎች ቺፕ የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በ2011 ካስጀመረው የ28 ናኖሜትር ትውልድ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋፈሩ በጣም እየተወደደ መጣ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የጥናት ማዕከል በ2020 ያወጣው ግምት አለ። የ28 ናኖሜትር ዋፈር ወደ 2,900 ዶላር፣ የ7 ናኖሜትሩ ወደ 9,350 ዶላር፣ የ5 ናኖሜትሩ ወደ 17,000 ዶላር። ግምት ነው፤ ፋብሪካዎቹ እውነተኛ ዋጋቸውን አደባባይ አያወጡም። አካሄዱን ግን በደንብ ያሳያል።

እስቲ ይህን ቁጥር በእውነተኛ ቺፕ ላይ እንሞክረው። አፕል በ2019 ያወጣው የስልክ ቺፕ ኤ13 የተሠራው በ7 ናኖሜትር ትውልድ ነው። በ98.5 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 8.5 ቢሊዮን ትራንዚስተር ይዟል። በዓመቱ የመጣው ኤ14 በ5 ናኖሜትር ተሠራ። በ88 ካሬ ሚሊሜትር ላይ 11.8 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለው። አካፍሉት። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 86 ሚሊዮን የነበረው 134 ሚሊዮን ሆኗል። 55 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። የዋፈሩ ዋጋ ግን ቅድም ባየነው ግምት 82 በመቶ ጨምሯል። እንግዲህ አንዷ ትራንዚስተር ረከሰች? ኧረ ወዲያ! 17 በመቶ ያህል ተወደደች። ያውም ገና ብልሽቱን ሳንቆጥር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። ቲኤስኤምሲ በዚያ ሽግግር ቃል የገባው የ80 በመቶ ጭማሪ ነበር። ታዲያ 55ቱ ከየት መጣ? የ80ው ቃል የሚመለከተው የሚያሰላውን ክፍል ብቻ ነው። ቺፕ ውስጥ ደግሞ ሚሞሪ አለ፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኙ ክፍሎችም አሉ። እነዚህ እንደ ሌላው አያንሱም። የሚሞሪዋ አንድ ሴል በ7 ናኖሜትር 0.027 ካሬ ማይክሮሜትር ነበረች። በ5 ናኖሜትር 0.021 ሆነች። ኤን3ኢ በሚባለው የ3 ናኖሜትር ዓይነት ስንት ሆነች መሰላችሁ? 0.021። ንቅንቅ አላለችም። ዋፈሩ እየተወደደ ሚሞሪው እዚያው ቀረ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ አፕል ምን ነካው? ለምን ተሻገረ? ስልክ የሚገዛ ሰው ትራንዚስተር ቆጥሮ አይከፍልም። የሚከፍለው ባትሪው ስለሚቆይ፣ ስልኩ ስለማይግል ነው። 5 ናኖሜትር በተመሳሳይ ፍጥነት 30 በመቶ ያህል ኤሌክትሪክ ይቆጥባል ተብሎ ነው የቀረበው። ዋጋው ውድ የሆነ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚሸጥ ስልክ ውስጥ ይህ ቁጠባ ከቺፑ ወጪ በላይ ያወጣል። ዳታ ሴንተርም እንዲሁ ነው፤ የኤሌክትሪክና የማቀዝቀዣ ሂሳብ በየወሩ ይመጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ያለ ቺፕ ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። ሞተሩ በሚበላው ኤሌክትሪክ አጠገብ የቺፑ ፍጆታ ከቁጥር አይገባም። ለእሱ አዲሱ ትውልድ ኪሳራ ነው።

ወጪው ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ከፋብሪካው ውስጥ አንድ ማሽን ብቻ ልምረጥ፤ የቺፑን ንድፍ በብርሃን ዋፈሩ ላይ የሚያትመውን። በኔዘርላንድስ፣ ቬልድሆቨን ውስጥ ያለው ኤኤስኤምኤል የሚሠራው ነው። ሌላ አቅራቢ የለም። ማሽኑ የቆርቆሮ ማዕድን አቅልጦ በጠብታ ይለቃል፤ በሴኮንድ 50,000 ጠብታ። እያንዳንዷን ጠብታ በሌዘር ሁለት ጊዜ ይመታታል። መጀመሪያ ይጠፈጥፋታል፣ ቀጥሎ ያተንናታል። ከዚያ 13.5 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ይወጣል። ይህን ብርሃን አየር ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ነው። መደበኛ ሌንስም ይውጠዋል፤ ስለዚህ የሚመራው በመስታወት ነው። ከአሥር ጊዜ በላይ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር ሲሶው ያህል ይጠፋል። ዋፈሩ ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ማሽኑ በበኩሉ ከ1 ሜጋዋት በላይ ይበላል።

ዋጋው አይቀመስም። ከ150 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ተከታዩ ሞዴል ወደ 350 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። ኢንቴል ይህን አዲስ ሞዴል ቀድሞ ገዛ። የቲኤስኤምሲ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ግን በ2024 ችሎታውን እንደሚወዱት፣ ዋጋውን ግን እንደማይወዱት በግልጽ ተናግረዋል።

አሁን የሂሳብ ሹም እንሁን። ማሽኑ 180 ሚሊዮን ዩሮ ነው እንበል። ቲኤስኤምሲ የማሽኖቹን ዋጋ መዝገቡ ላይ በአምስት ዓመት አካፍሎ ነው የሚያወራርደው። እንግዲህ በዓመት 36 ሚሊዮን፣ በቀን ወደ 100,000 ዩሮ። ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም ያው ነው። ሌሊትም ይቆጥራል፣ በዓልም ይቆጥራል። ይህ አንዱ ማሽን ብቻ ነው። ቲኤስኤምሲ በታይናን ለ5 እና ለ3 ናኖሜትር ያቆመው ፋብሪካ ጠቅላላ ኢንቨስትመንት ከ1.86 ትሪሊዮን የታይዋን ዶላር ያልፋል ተብሏል፤ 60 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ የአዲስ ፋብሪካ ትልቁ ጠላት ሥራ መፍታት ነው። ትዕዛዝ ከቀነሰ የእያንዳንዱ ዋፈር ወጪ ወዲያው ይንራል።

በስድስተኛው ዓመት ምን ይሆናል? ማሽኑ እዚያው ቆሟል። ይሠራል። ሠራተኛው ለምዶታል፤ ብልሽቱም ቀንሷል። ዕዳው፣ ማለትም ያልተወራረደው የማሽኑ ዋጋ፣ ግን ከመዝገብ ወጥቷል። አሁን የሚቀረው ኬሚካል፣ ኤሌክትሪክ፣ ደመወዝና ጥገና ብቻ ነው። ፋብሪካው ዋጋ ቢቀንስ እንኳ ያተርፋል። አዲስ ትውልድ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው። በእኔ አስተያየት ስለ ቺፕ በሚጻፈው ውስጥ በጣም የሚረሳው ነገር ይህ ነው። ሁሉም የአዲሱን ችሎታ ያወራል። አሮጌው ዕዳውን ከፍሎ መጨረሱን የሚያነሳ የለም።

ውድ ማሽን መግዛት ሁልጊዜ ሞኝነት ነው እያልኩ አይደለም። የኢንቴልን የ10 ናኖሜትር ታሪክ ተመልከቱ። ያኔ ይህ ባለ ቆርቆሮ ጠብታ ማሽን ገና አልበሰለም ነበር። ኢንቴል በነባሩ የ193 ናኖሜትር ብርሃን ለመግፋት ወሰነ። ያ ብርሃን ቀጫጭን መስመር በአንድ ጊዜ ማተም አይችልም። ስለዚህ አንዱን ንድፍ ከፋፍሎ ደጋግሞ ማተም ያስፈልጋል። ደረጃው በበዛ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል፤ የሚሳሳትበት ቦታም ይበዛል። በ2016 ይጠበቅ የነበረው ምርት በብዛት የወጣው በ2019 ነው። ቲኤስኤምሲ የመጀመሪያውን 7 ናኖሜትር በ2018 ያመረተው እሱም በአሮጌው ብርሃን ነበር፤ ግን ንድፉ ያን ያህል አልተጨናነቀም። አዲሱን ማሽን ያስገባው በዓመቱ ነው፤ ያውም በጥቂት ንብርብሮች ላይ ብቻ። ውዱ ማሽን ብዙ ደረጃዎችን ሲያስቀር ዋጋውን ይመልሳል።

አሁን ብልሽቱን እናንሳ። አዲስ ትውልድ ሲጀመር ዋፈሩ ላይ ብዙ እንከን አለ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በአማካይ ግማሽ እንከን አለ ብለን እናስላ። 1 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆኑ ቺፖች ውስጥ 61 በመቶው ጤነኛ ይወጣል። ያስኬዳል። ቺፑ 8 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ግን ጤነኛው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው እየለመደ ሄዶ እንከኑ ወደ 0.1 ሲወርድ ትንሹ ቺፕ 90 በመቶ፣ ትልቁ 45 በመቶ ይሆናል።

የስልክ ቺፖች ለምን ሁልጊዜ ቀድመው እንደሚገቡ ገባችሁ? ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ኤ14 በ2020 ሲወጣ ስፋቱ 88 ካሬ ሚሊሜትር ነበር። ከዚያው የ5 ናኖሜትር ቤተሰብ የተሠራው፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግለው የኤንቪዲያ ቺፕ ኤች100 ስፋቱ 814 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ የወጣው በ2022 ነው። በመሃል ባሉት ሁለት ዓመታት የስልክ ገዢው የፋብሪካውን የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈለለት ማለት ይቻላል። ኤንቪዲያም ብልሃት አላት። ኤች100 ላይ 144 የስሌት ክፍሎች ተነድፈዋል፤ በዋነኛው ሞዴል የሚሠሩት ግን 132 ናቸው። የተበላሸ ካለ ይዘጋና ቺፑ ይሸጣል። አሥራ ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው።

ሌላው መንገድ ቺፑን መቆራረጥ ነው። ቺፕ ነዳፊው ኤኤምዲ በ2017 ባለ 32 ኮር (32 የስሌት ማዕከል ያለው) የሰርቨር ቺፑን በአራት ቁራጭ ሠራው። እያንዳንዱ ቁራጭ 213 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ 777 ካሬ ሚሊሜትር ይሆን ነበር። ቁራጮቹ ሲደመሩ ከአንድ ወጥ ቺፕ ይበልጣሉ፤ ማገናኛው ቦታ ይፈልጋላ። እንዲያም ሆኖ ኩባንያው እንዳስታወቀው ወጪው የአንድ ወጥ ቺፕን 59 በመቶ ብቻ ነበር። በ2019 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመሩ። የሚያሰሉትን ቁራጮች በ7 ናኖሜትር ሠሯቸው። የመግቢያና የመውጫ ክፍሉን ግን በአሮጌው ትውልድ ተዉት። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ነው የሚገባው። ቢሻገርም የማያንስን ክፍል በውድ ዋፈር ላይ ለምን ታትሙታላችሁ? ከዚያ ወዲህ ውሳኔው ለቺፑ በጅምላ መሆኑ ቀረ። በየቁራጩ ሆነ።

የንድፍ ወጪን ባጭሩ ልለፈው። አይቢኤስ የሚባል የገበያ ጥናት ድርጅት ያወጣው ግምት በየቦታው ይጠቀሳል። በ28 ናኖሜትር አንድ ቺፕ ለመንደፍ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ5 ናኖሜትር ከ500 ሚሊዮን በላይ ይላል። ለእኔ ይህ የተጋነነ ነው። ሶፍትዌሩንም ጨምሮ ሁሉም ነገር ከባዶ እንደሚጀመር ያስባል፤ በተግባር ግን ያለፈው ሥራ በብዛት ይወሰዳል። ግማሹን ብቻ ብትቀበሉም ግን መልእክቱ አይለወጥም። 250 ሚሊዮን ዶላር ለ100 ሚሊዮን ቺፕ ሲካፈል 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ለ100,000 ቺፕ ሲካፈል 2,500 ዶላር ነው። ጥቂት የሚሸጥ ሰው ወደ አዲሱ ትውልድ ዝር አይልም።

ለዚህ ነው ሩጫውን ያቋረጡ ኩባንያዎች ያሉት። ግሎባልፋውንድሪስ በነሐሴ 2018 የ7 ናኖሜትር ሥራውን አቆመ። ዩኤምሲም በዚያው ዘመን ወደ ታች መውረዱን ተወ። ያኔ ብዙዎች "አለቀላቸው" ብለው ነበር። አላለቀላቸውም። ዕዳቸው ባለቀ ማሽኖች ለመኪና፣ ለሬዲዮ ሞገድ፣ ለኃይል መቆጣጠሪያ የሚሆኑ ቺፖችን እያመረቱ ኖሩ። በሩጫው ፊት መስመር ላይ የቆዩት ቲኤስኤምሲ፣ ሳምሰንግና ኢንቴል ብቻ ናቸው።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ። ዕዳ የጨረሰ ፋብሪካ ይህን ያህል የሚያዋጣ ከሆነ፣ በ2021 መኪና አምራቾች ቺፕ አጥተው መስመራቸውን ለምን ዘጉ? የፈለጉት እኮ በአብዛኛው አሮጌውን ትውልድ ነበር። መነሻው ይታወቃል። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ፤ ቦታውን ኮምፒውተርና የቤት ኤሌክትሮኒክስ ያዘው። ሲመለሱ ወረፋው ረዝሟል። ግን ለምን አዲስ የ28 ወይም የ40 ናኖሜትር ፋብሪካ ቶሎ አልተገነባም? ዋጋውን የሚወስኑት ዕዳ የሌለባቸው ፋብሪካዎች ስለሆኑ ነው። በዚያ ዋጋ እየሸጠ የአዲስ ማሽን ዕዳ የሚከፍል የለም። አሮጌ ቴክኖሎጂ በአዲስ ማሽን ሲሠራ እንደ አሮጌ አይረክስም።

ከዚያ በኋላ የተገነቡትን ተመልከቱ። ቲኤስኤምሲ ከሶኒና ከዴንሶ ጋር በጃፓን ኩማሞቶ የከፈተው ፋብሪካ የካቲት 2024 ተመረቀ። የሚያመርተው ከ28 እስከ 12 ናኖሜትር ነው። የጃፓን መንግሥት እስከ 476 ቢሊዮን የን ድጎማ መድቦለታል። በጀርመን ድሬስደን ደግሞ ከቦሽ፣ ከኢንፊኒየንና ከኤንኤክስፒ ጋር የሚሠራው ፋብሪካ ነሐሴ 2024 ግንባታው ተጀመረ። እሱም ከ28 እስከ 12 ናኖሜትር ነው። ጠቅላላ ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዩሮ ይበልጣል። የአውሮፓ ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ዩሮ የጀርመን መንግሥት እርዳታ እንዲሰጠው ፈቅዷል። ከወጪው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። በ2011 ከተጀመረው ትውልድ ለሚነሳ ቴክኖሎጂ!

በዚህ ላይ ጥያቄ ያለው ካለ ማይክሮፎኑ እዚያ ጋ ነው።